ግልጽ ደብዳቤ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፦ ድምፃችንን በኪሎ አትሽጡብን

ይድረስ በሀገራችን ላላችሁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ አስኪያጆች፣ በተለይ ደግሞ ለማህደር ክፍል ኃላፊዎች

ክቡራንና ክቡራት እንደምን ሰነበታችሁ። የምፅፍላችሁ ከደሴ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካሴት ቤት ተቀጥሬ ስሰራ ኖሬ በኋላ የራሴን ትንሽዬ ካሴት ቤት ከፍቼ ሲዲው መጥቶ ፍላሹ መጥቶ ስልኩ መጥቶ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የቆየሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ሰባት ነን። ሦስታችን የካሴት ቤት ሰራተኞች የነበርን፣ አንድ ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን፣ አንዷ ደግሞ በ1980ዎቹ ቪዲዮ ቤት የነበራት እህታችን። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ እኔ ቤት ተሰብስበን የድሮ ካሴት እያጫወትን ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ማህተም የለንም፣ በጀት የለንም፣ ቡናውን ባለቤቴ ታፈላለች፣ በቃ ይሄው ነው።

ለመፃፍ የተነሳሁት ባለፈው ሰኔ በሆነ ነገር ነው። አንድ ጣቢያ ወደ አዲስ ህንፃ ሲዛወር መጋዘኑ ውስጥ የነበሩትን የድሮ ሪሎች (ድምፅ የተቀዳባቸው ትልልቅ የክር ጥቅልሎች) እና ካሴቶች «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች» ብሎ በንብረት ማስወገድ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ጎማዎች ጋር ሸጣቸው። የጣቢያውን ስም እዚህ አልጠቅስም፣ ምክንያቱም ችግሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ ስላልሆነ ሁላችሁም እንድታነቡት ነው የምፈልገው። እኛ የሰማነው ጠጋኙ ጓደኛችን ለዕቃ መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራ ላይ ሪሎች ተከምረው ሲያይ ነው። ደወለልኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ «ቶሎ ና፣ ፕላስቲኩን ሊፈጩት ነው» አለኝ። በማግስቱ ለሊት ተነስቼ ያንን 400 ኪሎ ሜትር ሄጄ ስደርስ አብዛኛው ሄዷል። ክሩን ከሪሉ ላይ በቢላ ቆርጠው እያወጡ እንደ ቆሻሻ መሬት ላይ ጥለውታል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ባዶውን ብረትና ፕላስቲክ ነው የሚፈልጉት። 14 ሪል ተርፎ አገኘን፣ በኪሎ ገዛን፣ በጆንያ አድርገን ወደ ደሴ ይዘን ተመለስን።

ስለነዚህ 14 ሪሎች ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደጣላችሁ ማወቅ ያለባችሁ ይመስለኛል።

አምስቱ አልሆኑም። የቀሩት ዘጠኙም መጀመሪያ ስናስገባቸው ይጮሁ ነበር። ክሩ ላይ ያለው ማጣበቂያ እርጥበት ሲጠጣ ይላላና «ሄድ» በምንለው፣ ድምፁን ከክሩ በሚያነበው የማጫወቻው ክፍል ላይ ይለጠፋል፣ ይንጫጫል፣ ከዛም መግነጢሱን ይዞት ይላቀቃል። ጠጋኛችን አምፖል የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ሰርቶ ቴርሞሜትር አስገብቶ ከ50 ዲግሪ ትንሽ ከፍ አድርጎ ለስምንት ሰዓት ያህል አሞቀልን፣ እንደዛ ሲደረግ ማጣበቂያው ለጥቂት ሳምንት ይጠነክራል፣ በዛች ጊዜ ውስጥ መገልበጥ ነው። አንዱ ሪል ካርቶኑ ላይ በእርሳስ «ወሎ 1977» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ስናጫውተው ማታ ነው፣ የሆነ ገጠር ነው፣ ውሻ ከሩቅ ይጮሃል፣ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይቃኛል። አምባሰል ጀመረ። ከዛ ሴቶች በጭብጨባ ተቀበሉት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ይሰማል፣ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ»፣ አንዱ አቃተውና «ሀገር ስጠኝ» ሲሉት «ደሴን ሰጥቼሃለሁ» አለ፣ ሁሉም ሳቁ። ሪሉ እዛ ላይ አለቀ። እኛ ሰባታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቁጭ አልን።

1977 ማለት ለወሎ ሰው ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ያኔ ወሎ ውስጥ የነበረው ኮረም ላይ የተቀረፀው ፊልም ጥቅምት ላይ በቢቢሲ ታይቶ ዓለም በሙሉ አየው፣ ሰሪዎቹም ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራ ማኑ መሐመድ አሚን ነበሩ፣ ፊልሙም እስከ ዛሬ በሚገባ ተጠብቆ አለ፣ የፈለገ ሰው ያገኘዋል። ከዛ በፊት የ1966ቱም እንዲሁ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረፀበት ፊልም ንጉሡ ከመውረዳቸው በዋዜማው፣ የ1967 የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀነባብሮ በቴሌቪዥን ታየ። እሱም አለ። ፊልሞቹ መኖራቸው ትክክል ነው፣ ይኑሩ፣ የሞቱት ወገኖቼ ናቸውና እንዲረሱ አልፈልግም። ግን አስቡት። የእኛ ሀገር ሁለት ጊዜ ተርቦ ሁለቱም ጊዜ ረሃቡ ለንደን ውስጥ በሥርዓት ተቀምጧል፣ በዛው ዓመት የዘፈነው አዝማሪና የሳቁት ልጆች ግን እኛው ሀገር፣ እኛው እጅ ላይ በኪሎ ተሸጡ። የልጅ ልጄ ኢንተርኔት ላይ 1977 ወሎ ብላ ብትፈልግ የምታገኘው ያንን ብቻ ነው። አያቷ በዛ ዘመን መዝፈኑን፣ መሳቁን፣ ሚስት ማግባቱን በምን ታውቃለች? እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝና ይሄን ሁሉ የሚያስፅፈኝ ይሄ ነው።

አሁን ቅሬታችንን በየተራ ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው በላዩ ላይ የመቅዳት ነገር ነው። የድሮዎቹን ሰራተኞች አልወቅስም። ቴሌቪዥናችን በ1957 ሲጀምር ክር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነበር፣ አንድን ክር ደጋግሞ መጠቀም በሌላውም ዓለም የነበረ ነው፣ ቢቢሲ ራሱ በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ ስንቱን ተወዳጅ ድራማ አጥፍቶ በኋላ ሕዝቡን ቤታችሁ የቀዳችሁት ካለ አምጡልን ብሎ ለምኗል። ይገባኛል። ግን እሱ የድሮ ነው። የኛ ሰፈር አንዲት እናት ባለቤታቸው በ1990ዎቹ ሬዲዮ ላይ ቀርበው ስለ ድሮ የነጋዴ ቅፍለት አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተው ነበር። ሰውየው ሲያርፉ ልጆቻቸው ለአርባው የአባታቸውን ድምፅ እናሰማ ብለው ወደ ጣቢያው ሄዱ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ከዛ «በላዩ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል» ተባሉ። ምን እንደተቀዳበት ጠየቁ፣ የስብሰባ ዜና ነው ተባሉ። እትዬ እስከ ዛሬ የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ «ፎቶውስ አለኝ፣ ፎቶ አያወራም።»

እኛ ካሴት ቤት እያለን እንኳን ይሄን እናውቅ ነበር እኮ። አንድ ማስተር ካሴት ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ከጀርባው ያለችውን ትንሽዬ ፕላስቲክ ነቅሎ መጣል ነበር፣ ከተነቀለች በኋላ ቴፑ ሪከርድ አይጫንም፣ ሰው ተሳስቶ እንኳን አያጠፋውም። የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሥራ እሱ ነው። «ማስተር የሰው አደራ ነው» ይሉኝ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንዱን ማስተር ከአራት ቴፕ ጋር አገናኝተን ሌሊቱን ሙሉ ስናባዛ ሄዱን በየሁለት ሰዓቱ አልኮል በነካ ጥጥ እንጠርግ ነበር፣ ምክንያቱም ካልተጠረገ ድምፁ ይታፈናል፣ የታፈነ ካሴት የገዛ ሰው ደግሞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ባለ ዘጠና ደቂቃው ካሴት ላይ የደንበኛውን ምርጫ ስንሞላ የመጨረሻው ዘፈን እንዳይቆረጥ ደቂቃውን በወረቀት ደምረን ነው። ጅዳና ሪያድ ለሄዱ እህቶቻችን ደግሞ በአንድ በኩል ዘፈን በሌላው በኩል የእናታቸውን ድምፅ እየቀዳን እንልክ ነበር። እናትየው ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ማይኩን እንደ ሕፃን አቅፈው «ልጄ እንደምን አለሽ፣ ላሟ ወልዳለች» ሲሉ እኛ ሪከርዱን ተጭነን ትንፋሻችንን ይዘን እንቆማለን። በአንድ ተራ ሱቅ ይሄን ያህል ከተጠነቀቅን ባለሙያና በጀት ያለው ተቋም እንዴት ያቅተዋል?

ሁለተኛው መጣሉ ነው፣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቦታ የለንም የሚል ምክንያት ሰምተናል። ዛሬ በእጅ የሚያዝ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ በጣም ጥሩ በሚባል ጥራት ወደ 2000 ሰዓት የሚጠጋ ድምፅ ይገባል። ቦታ አይደለም የጠፋው።

ሦስተኛው የተረፈውም መዘጋቱ ነው። ከመሀላችን አንዷ መምህር በ1970ዎቹ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ተቀርፆ የነበረ ዝግጅት ካለ ለማየት ብላ ለአንድ ጣቢያ ደብዳቤ አስገባች። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችበት ቡድን ነው፣ የአምባሰልና የባቲን ቅኝት ለሀገሩ ሁሉ ያሰማ ቡድን፣ ለእኛ እንደ ቤተሰብ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዛ ስምንት ወር። ስትደውል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ስትደውል ሰውየው ተቀይረዋል፣ ስትሄድ ደግሞ «ምን እንዳለን እኛም አናውቅም፣ ዝርዝር የለም» አሏት። መልሱ ሐቀኛ ስለሆነ አመስግናለች፣ ግን ዝርዝር የሌለው መጋዘን ማህደር ይባላል እንዴ? ምን እንዳለው የማያውቅ ተቋም ምን እንደጣለስ በምን ያውቃል? አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 አርፈዋል። እኔ ራሴ ክረምት አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ስሄድ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ የሰማሁ ነኝ። ያ ሁሉ ተረት ስንቱ አለ? ዛሬ አንድ ወላጅ ለልጁ ሃያውን ማሰማት ቢፈልግ የት ሄዶ ያገኛል? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ፍቅር እስከ መቃብር ዛሬም ሰው ስልኩ ላይ ጭኖ ሹፌሩ መንገድ ላይ፣ ነርሷ ተረኛ ሆና ይሰሙታል። አንድ የተረፈ ንባብ ይሄን ያህል ካገለገለ የቀሩትስ?

አራተኛው ስም መቁረጥ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። የድሮ ዘፈን ስታጫውቱ የድምፃዊውን ስም ትጠራላችሁ፣ ያቀናበረው የለም፣ ግጥሙን የፃፈው የለም፣ የተጫወተው ባንድ የለም። ካሴቱ ሽፋን ላይ ተፅፎ እያለ! ሮሃ ባንድ፣ ዋልያስ ባንድ፣ ዳህላክ ባንድ፣ ኢትዮ ስታር እያልን ደንበኛው በባንድ ስም ነበር ካሴት የሚመርጠው። ከበሮ የመታው ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየሰማችሁ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ደግሞ በራሳችን ላይ የደረሰ ነው። ከአንድ አሮጌ ካሴት ላይ የገለበጥነውን ዘፈን ለሰው እንዲደርስ ብለን ኢንተርኔት ላይ ጭነን ነበር። ካሴቱን በ1983 ቴፕ በልቶት እኔ ራሴ በስኮች ቀጥዬዋለሁ፣ መሀል ላይ ለግማሽ ሰከንድ ትንፋሽ የሚያህል ቦታ ይዘላል። ባለፈው ዓመት አንድ ጣቢያ በበዓል ፕሮግራም ላይ «ከማህደራችን» ብሎ ሲያጫውተው ያቺ የኔ ቅጥያ ዘለለች። ባለቤቴ ራሷ ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ገንዘብ አልጠየቅንም፣ አንጠይቅምም፣ ዘፈኑም የኛ አይደለም፣ የባለሙያዎቹ ነው። የከፋኝ ሌላ ነው። ያ ዘፈን መጀመሪያ የተቀዳው በዛው ጣቢያ ስቱዲዮ ነበር። ዋናውን የያዘ ቤት የኔን የተቀጠለ ካሴት ካጫወተ ዋናው የለም ማለት ነው።

እናንተ ጋ ከጠፋ እኛ ጋ ይኖራል ብላችሁ ደግሞ አትመኩ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከኛ ውስጥ አራቱ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ተመልሰው ሲመጡ የአንዱ 600 ካሴት የለም። ቪዲዮ ቤት የነበራት እህታችን ያጠራቀመቻቸው ቪኤችኤሶች፣ የሰፈር ሰርግና ክርስትና የተቀረፀባቸው ሳይቀሩ፣ ግማሾቹ ጠፍተው ግማሾቹ ዝናብ መትቷቸው ነው ያገኘቻቸው። የግለሰብ ቤት ማህደር አይሆንም። አንድ እሳት፣ አንድ ጎርፍ፣ አንድ ስደት ይበቃዋል።

ጊዜውም አልቋል። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2019 ከድምፅ ማህደር ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የማግኔቲክ ክር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ማጫወቻ ማሽኖቹና ጠጋኞቹ እያለቁ ስለሆነ እስከ 2025 ያልተገለበጠ ክር የመትረፍ ዕድሉ እየጠበበ ነው ብሎ ነበር። ያ ዓመት መጣ። ቪዲዮ ማጫወቻ ሲሰራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን ያቆመው በ2016 ነው፣ አሁንም በፈረንጆቹ። የኛ ጠጋኝ 71 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ እየደከመ ነው፣ የሪል ማጫወቻውን ቀበቶ ከሞተር ሳይክል ውስጠኛ ጎማ ቆርጦ ነው የሰራው። እሱ ሲያርፍ ደሴ ላይ ሪል የሚያጫውት ሰው የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉም በፊት ማንኛውም ሪል፣ ካሴት፣ እንዲሁም ዩማቲክ፣ ቤታካም፣ ቪኤችኤስ የሚባሉት የድሮ ቪዲዮ ክሮች ከንብረት ማስወገድ ዝርዝር ውስጥ ይውጣ። ተበላሽቷል ብላችሁ የምታስቡትም ጭምር፣ ምክንያቱም የሚጮህ ክር የሞተ ክር አይደለም፣ በአምፖል ሳጥን ተርፏል። ግድ ቦታ ከጠበበባችሁ አስቀድማችሁ ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱና ማህደሩ)፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም እንደኛ ላለ ሰብሳቢ አሳውቁ፣ መኪና ተከራይተን መጥተን እንወስዳለን። ወመዘክር ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ከምናለሽ ተራ አይርቅም።

ዝርዝር አውጡ። ፍፁም መሆን የለበትም። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ የተፃፈውን እንዳለ ፃፉትና ሕዝብ እንዲያየው አድርጉ፣ «ወሎ 1977» ይበቃል፣ የቀረውን የዛ ሀገር ሰው ይሞላላችኋል።

የሟች ቤተሰብ የዘመዱን ድምፅ ሲጠይቅ በነፃና በቶሎ ስጡ። የቅጂ መብቱ ይገባናል፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብበናል፣ አዋጁ ግን ለማስቀመጥ ተብሎ መገልበጥን ለማህደር ቤቶች አልከለከለም፣ አንድ ልጅ የአባቱን ቃለ ምልልስ መስማቱም የማንንም ገበያ አይጎዳም።

ጡረታ የወጡ ቴክኒሺያኖቻችሁን ጥሩ። ክሮቹን የቀዱት እነሱ ናቸው፣ የማን ድምፅ እንደሆነ በአንድ ጆሮ ይለያሉ። ለስድስት ወር በቀን አበል አምጥታችሁ ከወጣቶቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው። አሮጌ ማሽኖቹን ደግሞ እባካችሁ አትሽጡ፣ ማሽኑ ከሌለ ክሩ ገመድ ነው።

ሕዝቡም ቤቱ የቀዳውን የሚያመጣበት ቀን ወስኑ። ደሴ፣ ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ፣ ሁሉም ጋ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ካሴት አለ፣ ጅዳና ዋሽንግተንም አለ። ገልብጣችሁ ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ፣ ስታጫውቱትም ከማን እንዳገኛችሁት ተናገሩ፣ ግጥም የፃፈውንና ባንዱንም እንዲሁ።

እኛ በበኩላችን እስካሁን የገለበጥነውን 1,100 ካሴትና ዘጠኙን ሪል ያለ ምንም ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን። ዘጠኙ ሪሎች የእናንተው ናቸው፣ ደረሰኝ አንፈልግም፣ የምንፈልገው ተመልሰው ምናለሽ ተራ ላለመሄዳቸው በፅሁፍ ቃል እንዲገባልን ነው። ያልሆኑትን አምስቱንም አልጣልናቸውም። ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ያለው ካለ በጨርቅ ተጠቅልለው ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጠዋል፣ በፈለጋችሁት እሁድ ኑና ውሰዱ።

ከአክብሮት ጋር

የቀድሞ ካሴት ቤት ሰራተኛ፣ በስድስቱ ሰብሳቢ ጓደኞቹም ስም
ደሴ